የማይከፈት የኢሜይል አባሪ፦ ችግሩን የሚያባብሱ ስህተቶች

በኢሜይል የመጣ ፋይል አልከፈት ሲል ጥፋቱ ከሦስት ቦታዎች በአንዱ ይገኛል፤ ላኪው ጋ፣ መንገድ ላይ፣ ወይም ተቀባዩ መሣሪያ ላይ። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ ያገኙትን ሁሉ ከመሞከር ነው። መለየቱ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ኢሜይሉን በብሮውዘር ይክፈቱና አባሪውን ሳያወርዱ ቅድመ እይታውን ይጫኑ። ይዘቱ ከታየ ፋይሉ ደህና ነው፤ ችግሩ ኮምፒውተርዎ ወይም ስልክዎ ላይ ነው። ካልታየ በሌላ መሣሪያ አውርደው ይሞክሩት። እዚያም እንቢ ካለ ላኪውን መጠየቅ ይቀራል።

የስህተት መልእክቱን ሳያነቡ መዝጋት

«ይህን ፋይል የሚከፍት አፕ የለም» እና «ፋይሉ ተበላሽቷል» ፍጹም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የሚጎድልዎት ፕሮግራም እንደሆነ ይነግርዎታል፤ ሁለተኛው ስለ ፋይሉ ራሱ ነው። (ዎርድ «ተበላሽቷል» ያለው ሁሉ ግን የተበላሸ አይደለም፤ ወደ ታች እንመለስበታለን።) ፓስወርድ የሚጠይቅ ፋይል ደግሞ ምንም አልሆነም። ፓስወርዱን ላኪው በስልክ ይንገርዎት እንጂ ከፋይሉ ጋር በአንድ ኢሜይል አይላከው።

ኤክስቴንሽኑን በመቀየር ፋይሉ ይቀየራል ብሎ ማሰብ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ቢባልም የፋይልን ስም የሚያወጣው ሰው ነው፤ ውስጡን አይለውጠውም። ኤክስቴንሽን የሚባሉት፣ በፋይሉ ስም ከነጥቡ በኋላ የሚመጡት ፊደላት፣ ለኮምፒውተሩ የሚነግሩት ፋይሉን በየትኛው ፕሮግራም እንደሚከፍተው ብቻ ነው። ፔጅስ በሚባለው የአፕል መጻፊያ ፕሮግራም የተሠራ ሰነድ ላይ የዎርድን ኤክስቴንሽን ቢጽፉበት ዎርድ ከፍቶት ያየውና «ይህ የእኔ አይደለም» ይላል። መፍትሔው ላኪው ጋ ነው፦ ፔጅስ ውስጥ «ፋይል»፣ ከዚያ «ኤክስፖርት ቱ» ብሎ በፒዲኤፍ ወይም በዎርድ አውጥቶ እንደገና ይላከው። የአፕል አካውንት ያለው ተቀባይ በአይክላውድ ድረ ገጽ በኩል በብሮውዘርም ሊከፍተው ይችላል።

ስም መቀየር ትክክል የሚሆነው በአንድ ሁኔታ ነው፤ ኤክስቴንሽኑ መንገድ ላይ ጠፍቶ ወይም ተሳስቶ ሲመጣ። ይህን ለማረጋገጥ ፋይሉን ኖትፓድ (የዊንዶውስ ቀላል ጽሑፍ መክፈቻ) ውስጥ ይክፈቱት። የሚታየው ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ቢሆንም የመጀመሪያው መስመር ብዙ ይናገራል። በፐርሰንት ምልክትና «ፒዲኤፍ» በሚሉ የላቲን ፊደላት ከጀመረ ፒዲኤፍ ነው። «ፒ» እና «ኬ» በሚሉ ሁለት ፊደላት ከጀመረ ዚፕ (ፋይሎች ታጭቀው የሚታሰሩበት ጥቅል) ነው፤ ወይም ከኦፊስ 2007 ወዲህ ያለ የዎርድ፣ የኤክሴል ወይም የፓወርፖይንት ሰነድ ነው፤ እነዚህም በውስጣቸው ዚፕ ናቸውና። የኤችቲኤምኤል (ድረ ገጽ የሚጻፍበት) ኮድ ካዩ ደግሞ ያወረዱት ፋይሉን ሳይሆን ድረ ገጽ ነው፤ ብዙ ጊዜ የመግቢያ ገጽ። ወደ አካውንትዎ ገብተው እንደገና ያውርዱ። ይህንን ካዩ በኋላ ኖትፓዱን ሲዘጉ «ሴቭ» እንዳይሉ፤ ደህናውን ፋይል ራስዎ ያበላሹታል።

ዊንሜይል ዳት የሚባለውን ፋይል ለመክፈት መታገል

ፒዲኤፍ ተላከልኝ ሲሉ «ዊንሜይል ዳት» የሚል ስም ያለው አባሪ ብቻ ከደረሰዎት ችግሩ እርስዎ ጋ አይደለም። ላኪው አውትሉክ በሚባለው የማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም ላይ ደብዳቤውን በ«ሪች ቴክስት» ፎርማት ስለላከው አውትሉክ አባሪዎቹን ሁሉ በራሱ ጥቅል አስሮ ሰዷቸዋል፤ ሌሎች የኢሜይል ፕሮግራሞች ደግሞ ያንን ጥቅል መፍታት አይችሉም። በዎርድም በፒዲኤፍ አንባቢም አይከፈትም። ላኪው በክላሲክ አውትሉክ «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ሜይል» ውስጥ ገብቶ የደብዳቤውን ፎርማት ወደ «ኤችቲኤምኤል» ይለውጥ። እዚያው ገጽ ታች ላይ፣ ሪች ቴክስት ወደ ኢንተርኔት ተቀባዮች ሲላክ ምን ይሁን የሚለውንም «ወደ ኤችቲኤምኤል ቀይር» ያድርገው። ብዙዎች የመጀመሪያውን ለውጠው ሁለተኛውን ስለሚረሱት ችግሩ ይመለሳል።

«እንደገና ላክልኝ» ብቻ ማለት

ያው ፋይል በያው መንገድ ቢላክ ያው ውጤት ይመጣል። መጀመሪያ መጠኑን ያነጻጽሩ፦ ላኪው ጋ 4 ሜጋባይት የሆነው እርስዎ ጋ 0 ባይት ወይም 900 ኪሎባይት ከሆነ ማውረዱ ተቋርጧል። ያወረዱትን አጥፍተው በተሻለ ኔትወርክ እንደገና ያውርዱ፤ ላኪውን ማስቸገር አያስፈልግም። መጠኑ እኩል ሆኖ እንቢ ካለ ላኪው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ያለውን ዋናውን ከፍቶ ይሞክር። እሱም ጋ ካልተከፈተ ተበላሽቶ ነው የተላከው።

ትልቅ ፋይል ጨርሶ የማይደርስበት ምክንያት ሌላ ነው። ኢሜይል የተሠራው ለጽሑፍ ስለሆነ አባሪው ከመላኩ በፊት ወደ ፊደላት ይለወጣል፤ እያንዳንዱ 3 ባይት 4 ፊደል ይሆናል። በዚህ ምክንያት ፋይሉ ከሲሶ በላይ ያብጣል። የመልእክት ጣሪያው 25 ሜጋባይት የሆነ ሰርቨር በተግባር የሚያሳልፈው 18 ሜጋባይት ገደማ ፋይል ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ በክላውድ ሊንክ ይላክ። ሊንኩ «ፈቃድ የለዎትም» ካለዎት ብሮውዘሩ የገባበትን አካውንት ይመልከቱ፤ ፈቃዱ የተሰጠው ለሥራ አድራሻዎ ሆኖ እርስዎ በግል አካውንትዎ ገብተው ሊሆን ይችላል።

አንድ ቀላል ነገር፦ አባሪ ያለበትን ኢሜይል ለሦስተኛ ሰው ማስተላለፍ ሲፈልጉ «ፎርዋርድ» ይበሉ። «ሪፕላይ» አባሪውን ይዞ አይሄድም።

ከኢሜይሉ ውስጥ በቀጥታ መክፈት

አባሪውን አውትሉክ ውስጥ ሁለቴ ሲጫኑት ፕሮግራሙ አንድ ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ቅጂ ያስቀምጣል። ተመሳሳይ ስም ያላቸው ፋይሎች እዚያ ሲከማቹ የቆዩ የአውትሉክ ስሪቶች «ፋይሉን መፍጠር አልተቻለም» ማለት ይጀምራሉ፤ ፎልደሩ ሲጸዳ ይከፈታል። ከዚህ የባሰው ግን እዚያ ያረሙት ሰነድ በኋላ የት እንደገባ አለመታወቁ ነው። መጀመሪያ ወደ ሰነዶችዎ ፎልደር «ሴቭ አዝ» ይበሉ፣ ከዚያ ይክፈቱ። ዚፕም እንዲሁ ነው፤ ውስጡ ገብተው ከመጫን ይልቅ ራይት ክሊክ አድርገው «ኤክስትራክት ኦል» ይበሉ። ሲፈታ ስሙ ረጅም ነው ብሎ ከተማረረ ዊንዶውስ በተለምዶ የፎልደሩን መንገድ ጨምሮ ከ260 ፊደል በላይ ስለማይወድ ነው፤ ዚፑን አጭር ስም ወዳለው ፎልደር ወስደው ይፍቱት።

ጥበቃውን በሙሉ ማጥፋት

ዊንዶውስ ከኢንተርኔት በመጣ ፋይል ላይ የማይታይ ምልክት ያኖራል። ዎርድና ኤክሴል ያንን አይተው ሰነዱን በ«ፕሮቴክትድ ቪው» ይከፍቱታል፤ አንዳንዴም ደህናውን ፋይል «ተበላሽቷል» ብለው ይመልሱታል። ብዙ ሰው ያኔ ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ ፕሮቴክትድ ቪውን ወይም አንቲቫይረሱን ያጠፋል፤ አንድ ክፍል ለመክፈት የግቢውን በር ሁሉ እንደ መንቀል ነው። የሚበቃው ይህ ነው፦ ያስቀመጡትን ፋይል ራይት ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ ታች «አንብሎክ» ላይ ምልክት፣ «ኦኬ»። ይህም ላኪውን ካወቁትና ፋይሉን ከጠበቁት ብቻ። ማክሮ (ሰነድ ውስጥ የተቀመጠ፣ በራሱ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) ያላቸውን ሰነዶች ማይክሮሶፍት ከ2022 ጀምሮ በዚሁ ምልክት እየለየ ማክሮውን ያግዳል።

ፎቶው «ተበላሽቷል» ብሎ መደምደም

ኤክስቴንሽኑ «ኤችኢአይሲ» ከሆነ ምንም አልሆነም፤ አይፎኖች ከ2017 (አይኦኤስ 11) ወዲህ የሚያነሱበት ፎርማት ነው። ተቀባዩ ዊንዶውስ ላይ ከማይክሮሶፍት ስቶር የ«ኤችኢአይኤፍ» ማሟያ ይጫን፤ ወይም ላኪው «ሴቲንግስ»፣ «ካሜራ»፣ «ፎርማትስ» ውስጥ «ሞስት ኮምፓቲብል» ይምረጥ። ይህ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ለሚነሱት ፎቶዎች ነው።

የፎንት ችግርን የፋይል ችግር ማድረግ

ሰነዱ ተከፍቶ ጽሑፉ ሳጥን ሳጥን ወይም ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ከሆነ ፋይሉ ጤነኛ ነው። ሳጥኑ የግዕዝ ፎንት በመሣሪያው ላይ የለም ማለት ነው። የላቲኑ ዝብርቅ ደግሞ ጽሑፉ ከዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ኮድ ከሚሰጠው የጋራ ሥርዓት) በፊት በነበረ ፎንት እንደተጻፈ ያሳያል፤ እነዚያ ፎንቶች ግዕዙን የሚያስቀምጡት በላቲን ኮድ ስለሆነ ያንኑ ፎንት ካልጫኑ አይነበብም። ላኪው በፒዲኤፍ ቢልከው ፎንቱ አብሮት ይመጣል።

ፋይሉን ኢንተርኔት ላይ ባገኙት «ፋይል ጠጋኝ» ድረ ገጽ ላይ መጫን

ውል፣ የሕክምና ውጤት ወይም የደመወዝ ዝርዝር ለማያውቁት ሰርቨር መስጠት ነው። ዎርድ የራሱ መጠገኛ አለው፦ «ፋይል»፣ «ኦፕን»፣ «ብራውዝ»፣ ፋይሉን አንዴ ነክተው ከ«ኦፕን» ቁልፍ ጎን ያለውን ቀስት ይጫኑና «ኦፕን ኤንድ ሪፔር» ይምረጡ።

በግድ ለመክፈት መሞከር

ዊንዶውስ እንደ መጀመሪያ ቅንብሩ ኤክስቴንሽን ስለሚደብቅ ስሙ በፒዲኤፍ የሚያልቅ የሚመስል ፋይል ከኋላው «ኢኤክስኢ» ሊኖረው ይችላል፤ ያ ሰነድ ሳይሆን ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ 11 ላይ በፋይል ኤክስፕሎረር «ቪው»፣ «ሾው»፣ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» ሲሉ ይገለጣል። ጂሜይል እንዲህ ያለውን ዚፕ ውስጥ ቢደበቅም ያግዳል። እገዳውን ለማለፍ «ስሙን ቀይረህ ክፈተው» የሚል መመሪያ አብሮ ከመጣ ፋይሉን አይንኩት፤ ላኪው የሚያውቁት ሰው ከሆነም ለኢሜይሉ መልስ ሳይሰጡ ስልክ ደውለው «ይህን ፋይል አንተ ነህ የላክኸው?» ብለው ይጠይቁት።