ሥልጠና የሠራተኛን የሥራ ውጤት መለወጡን እንዴት ማረጋገጥ ይቻላል? ለሆስፒታልና ለባንክ የሥራ ኃላፊዎች

በሆስፒታልም ሆነ በባንክ፣ ከሥልጠና በኋላ የሚቀርበው ሪፖርት ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ስንት ሰው እንደሠለጠነና ስንት ብር ወጪ እንደተደረገ ነው። ሥራው መሻሻል አለመሻሻሉ አይጠቀስም። አሜሪካዊው ዶናልድ ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1959 የሥልጠናን ግምገማ በአራት ደረጃዎች ከፍሎት ነበር፦ ሠልጣኙ ሥልጠናውን መውደዱ፣ ትምህርቱን መጨበጡ፣ በሥራው ላይ አሠራሩን መለወጡ፣ በመጨረሻም ተቋሙ ያገኘው ውጤት። በመዝጊያው ዕለት የሚሞላው ቅጽ የሚመዝነው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ አበሉና መስተንግዶው ጥሩ ከሆነ ደግሞ ቅጹም ጥሩ ይሆናል። ለመለካት አስቸጋሪዎቹ ሦስተኛውና አራተኛው ደረጃዎች ስለሆኑ ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በእነርሱ ላይ ነው።

1. ችግሩ የሥልጠና መሆኑን ያጣሩ

ሠራተኛው ሥራውን በትክክል መሥራት ያቃተው ባለማወቁ ነው ወይስ የሚሠራበት ነገር ስለሌለው? የዓለም ጤና ድርጅት እጅን በአልኮል ለማሸት ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በውሃና በሳሙና ለመታጠብ ደግሞ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ እንደሚያስፈልግ ያስተምራል። ነርሷ ይህን አሳምራ እያወቀች የክፍሉ ቧንቧ ደረቅ ከሆነ፣ ለሦስት ቀን ሆቴል ወስዶ ማሠልጠን ገንዘብ ማባከን ነው። በባንክም ሲስተሙ እየተቆራረጠ ለሚረዝም ወረፋ መፍትሔው የደንበኛ አያያዝ ሥልጠና አይደለም።

2. የሚታይና የሚቆጠር አንድ ተግባር ይምረጡ

«የአገልግሎት ጥራትን ማሻሻል» የሚለው ዓላማ ሊለካ አይችልም። «ነርሶች በሽተኛውን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ማጽዳታቸው» ወይም «በስህተት ወደ ሌላ ሰው ሒሳብ የገባ ገንዘብ» የሚለው ግን ይቆጠራል።

3. ሥልጠናው ከመሰጠቱ በፊት መነሻውን ይመዝግቡ

ብዙዎች የሚዘልሉት ይህን እርምጃ ነው፤ ከተዘለለ ደግሞ በኋላ የሚካካስበት መንገድ የለም። ባንክ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ የተሳሳተ ሒሳብ ሲስተካከል በሲስተሙ ላይ አሻራው ይቀራል። ይሁን እንጂ የስህተቱን ብዛት ብቻ መውሰድ ያሳስታል። የደመወዝ ሰሞንና የበዓል ዋዜማ ሥራ ስለሚበዛ ስህተትም ይበዛል፤ ስለዚህ ስህተቱን ለእያንዳንዱ 1,000 የሒሳብ እንቅስቃሴ ማስላትና የወሩን መጨረሻ ከሌላ ወር መጨረሻ ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። በአብዛኞቹ ሆስፒታሎች ግን እጅ መታጠብን የሚመዘግብ ማሽን ስለሌለ ተመልካች መመደብ ግድ ነው። ሰው እየታየ መሆኑን ሲያውቅ ስለሚጠነቀቅ፣ ተመልካቹ በተለያየ ሰዓትና በተለያየ ተረኛ ላይ ለአጭር ጊዜ እየተገኘ ቢመዘግብ ይመረጣል።

4. ሥልጠናውን ወደ ሥራ ቦታው ያምጡት፣ አሳጥረውም ይደጋግሙት

በሰሜን ታንዛኒያ የሚገኘው የሃይዶም ሆስፒታል ታሪክ ለዚህ እርምጃ ከማውቃቸው ማስረጃዎች ሁሉ የተሻለው ነው። አዋላጆቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲወለድ መተንፈስ ያቃተውን ሕፃን ስለመርዳት የአንድ ቀን ሥልጠና ወስደው ነበር። ከወራት በኋላ በመለማመጃው አሻንጉሊት ላይ ሲፈተኑ ከቀድሞው የተሻለ ሠሩ፤ በማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ ለእውነተኛ ሕፃናት የሚሰጠው እርዳታ ግን እምብዛም አልተለወጠም። ዕውቀቱ ቢኖርም ወደ እጅ አልወረደም ነበር። ሆስፒታሉ ከዚያ በኋላ አሻንጉሊቱንና የማስተንፈሻ ባጉን ማዋለጃው አጠገብ አስቀምጦ በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ልምምድ፣ በየወሩ ደግሞ ረዘም ያለ ክለሳ ጀመረ። በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር ከ1,000 ውስጥ ከ11.1 ወደ 7.2 ወረደ። ጥናቱ በፊትና በኋላ ያለውን ያነጻጸረ በመሆኑ ለውጡን ሁሉ ለልምምዱ መስጠት አይቻልም፤ ሆኖም የሥልጠናው ይዘት ሳይቀየር አሰጣጡ ብቻ ተቀይሮ ይህን ያህል ልዩነት መታየቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ባንክ ይህንኑ በሩ ከመከፈቱ በፊት ባሉት አሥር ደቂቃዎች ሊያደርገው ይችላል። ለምሳሌ ሁለት ካሸሮች ተጣምረው፣ አንዱ ስማቸው የሚመሳሰል የሁለት ደንበኞችን ቅጽ ያቀርባል፤ ሌላው ገንዘቡን ከማስገባቱ በፊት የሒሳብ ቁጥሩንና የባለቤቱን ስም ጮክ ብሎ እያነበበ ያመሳክራል።

5. የቅርብ አለቃውን አስቀድመው ያሳምኑ

ከሥልጠና የተመለሰውን ሠራተኛ አለቃው «እሱን ተወውና ሰልፉን ቶሎ ጨርስ» ካለው፣ የተማረው በዚያው ቀን ያበቃል። ስለዚህ ተቆጣጣሪውና የክፍሉ አስተባባሪ ከሠራተኛው ቀድመው መሠልጠን አለባቸው።

6. ያልሠለጠነ ክፍል ያስቀሩና ያነጻጽሩ

ሁሉንም ቅርንጫፍ በአንድ ጊዜ ማሠልጠን ለሪፖርት ያምራል፤ ለውጡ ከሥልጠናው መምጣቱን ግን ማወቅ አይቻልም። ሥራቸው ከሚመሳሰል ሁለት ቅርንጫፎች ወይም ሁለት የሕሙማን ክፍሎች አንዱን በመጀመሪያው ዙር፣ ሌላውን ከሦስት ወር በኋላ ያሠልጥኑ፤ በዚህ ጊዜ ውስጥም ሁለቱንም በአንድ ዓይነት መንገድ ይለኩ። ሁለቱም እኩል ከተሻሻሉ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል፤ ምናልባት አዲስ ሲስተም ገብቷል፣ ወይም ውሃው ተመልሷል። የሠለጠነው ብቻ ከተሻሻለ ለሁለተኛው ዙር በጀት ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ይኖርዎታል።

ልኬቱን በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር ሲደግሙ፣ ከሠለጠኑት መካከል ስንቶቹ አሁንም በዚያው ቦታ እንደሚሠሩ አብረው ይቁጠሩ። ግማሾቹ ተዛውረው ወይም ወደ ሌላ ተቋም ሄደው ከሆነ፣ የሚታየው ማሽቆልቆል የሥልጠናው ድክመት ሳይሆን የዝውውሩ ውጤት ሊሆን ስለሚችል፣ ጉዳዩን ከሰው ኃይል ክፍሉ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።