ድሬ ላይ የጨው ውሃ አኳሪየም፦ ዓሣው ከመግባቱ በፊት

የጨው ውሃ አኳሪየም ሊጀምር ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ምን ዓሣ ልግዛ?" ብሎ ነው። ዓሣው የመጨረሻው ግዢ ነው። ከዚያ በፊት ከአንድ ወር በላይ ድንጋይና ውሃ ብቻ ስታዩ ትከርማላችሁ። ይህን መታገስ የማይችል ሰው ባይጀምረው ይሻላል፣ ምክንያቱም ድሬ ላይ የሞተ የባህር ዓሣ ነገ ወጣ ተብሎ የሚተካ ነገር አይደለም።

ለጀማሪ 120 ሊትር አካባቢ ጥሩ ነው። ትንሽ ገንዳ ርካሽ ይመስላል እንጂ ውሃው ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎም ይበላሻል። ውሃው ብቻ 120 ኪሎ ነው፤ መስታወት፣ አሸዋና ድንጋይ ሲጨመር ከ150 ያልፋል፣ ስለዚህ የቲቪ ጠረጴዛ አይሆንም። ብረት በያጅ ጋ ጠንካራ መቆሚያ አሠሩ፣ ጸረ ዝገት ቀለም በደንብ ይቀባ። የጨው ውሃ ብረት ይበላል። ከዚያ ውሃ ልክ አስቀምጣችሁ አራቱንም ጎን እዩ። ቦታው ከመስኮት ይራቅ። መጀመሪያ የቧንቧ ውሃ ሞልታችሁ አንድ ቀን አሳድሩትና መጋጠሚያዎቹን በሶፍት ዳብሱ፣ ሶፍቱ ከረጠበ ያፈሳል ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ገመዶቹ ደግሞ ከሶኬቱ ዝቅ ብለው ጎበጥ እንዲሉ አድርጉ፣ በገመዱ ላይ የሚወርድ ውሃ መሬት ላይ ይንጠባጠብ እንጂ ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ።

አሁን ውሃው። እስኪ የሻይ ማንቆርቆሪያችሁን ውስጡን እዩት። ያ ነጭ ቅርፊት ኖራ ነው፣ የድሬ ውሃ ከጉድጓድ የሚወጣ ከባድ ውሃ ስለሆነ። ኖራው ራሱ ለባህር ዓሣ ጠላት አይደለም። ችግሩ አብሮት የሚመጣው ክሎሪን፣ ናይትሬትና ፎስፌት ነው፣ ውሃ በተነነ ቁጥር በላዩ ላይ ስትጨምሩ ደግሞ ናይትሬቱና ፎስፌቱ እየተጠራቀሙ ይሄዳሉ። ስለዚህ በአርኦ ማጣሪያ (ውሃን በግፊት ሜምብሬን በሚባል በጣም ረቂቅ ወንፊት የሚያሳልፍ ማጣሪያ) ያለፈ ውሃ ተጠቀሙ። በከባድ ውሃ ላይ የማጣሪያው ሜምብሬን ቶሎ ስለሚደፈን መለዋወጫ አብራችሁ ግዙ። የታሸገ ውሃ እንደ ንጹሕ ማዕድን አልባ ውሃ አትቁጠሩት፣ ብዙዎቹ ማዕድን አለባቸው። ከመኪና ባትሪ ቤት የምትገዙ ከሆነም "ዲስቲልድ" የሚል መሆኑን አረጋግጡ፣ እዚያው አጠገቡ የሚሸጠው አሲድ ነው።

ጨውስ? የወጥ ቤት ጨው አይሆንም፣ የአፍዴራም ቢሆን። እሱ በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ነው፣ የባህር ውሃ ግን ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌላም አለው። ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀ የባህር ጨው ያስፈልጋል። ከጅቡቲ ወደብ አጠገብ በጀሪካን የተቀዳ ውሃም አልመክርም፣ መርከብ ባለበት ዘይት አይጠፋም። ሂሳቡ በሊትር 35 ግራም ገደማ ነው፣ ለ100 ሊትር ሦስት ኪሎ ተኩል። ጨውን ወደ ውሃ ጨምሩ እንጂ ውሃን ጨው ላይ አታፍስሱ። ፓምፕ እያናወጠው አንድ ሙሉ ቀን ይቆይ፣ ከዚያ በሪፍራክቶሜትር (የጨው መጠን መለኪያ) ለኩ። የምትፈልጉት 1.025 ነው፣ ማለትም ከንጹሕ ውሃ 1.025 እጥፍ የሚከብድ። ዓሣ ሳይኖር በገንዳው ውስጥ ራሱ ማዋሃድ ይቻላል፣ በኋላ ግን ሁልጊዜ በተለየ በርሜል።

ለድንጋይ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የባህር ኮራል ድንጋይ ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለ ነው፣ ተዉት። የድሬ ዙሪያ ተራራ ግን የኖራ ድንጋይ ነው፣ ሲሚንቶ ፋብሪካዎቹ የሚኖሩበትም በዚሁ ነው። ቀዳዳ የበዛበትን ምረጡና አቼቶ ጠብ አድርጉበት። ፉል ፉል ካለ ኖራ ነው። ዝገት የመሰለ ቀይ መስመር ወይም የሚያብረቀርቅ ብረት ያለበትን ጣሉ፣ መዳብ ሊኖርበት ይችላል፣ መዳብ ደግሞ ለባህር ፍጥረት መርዝ ነው። ከደቻቱ ወንዝ ውስጥ አትልቀሙ፣ የከተማው ፍሳሽ ይገባበታል። ድንጋዩን በብሩሽ ፈትጉ፣ ቀቅሉት አልልም፣ ውስጡ ውሃ ካለ ሊፈነዳ ይችላል። እጠቡት፣ ፀሐይ ላይ አድርቁት፣ ይበቃል።

ዋናው ሥራ ከዚህ በኋላ ነው። የዓሣ ቆሻሻና የተረፈ ምግብ አሞኒያ ይሆናል፣ አሞኒያ ደግሞ ዓሣን ይገድላል። ድንጋዩና ፊልተሩ ላይ የሚያድጉ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፣ ሌሎቹ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት። ናይትራይትም መርዝ ነው፣ ናይትሬት ግን በመጠኑ ከሆነ ብዙም አይጎዳም። እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪበዙ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ለመጀመር አንድ ትንሽ ጥሬ ሽሪምፕ ወይም ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣል አድርጉ። በየሁለት ሦስት ቀኑ በመመርመሪያ ኪት ለኩና ደብተር ላይ ጻፉ። መጀመሪያ አሞኒያው ከፍ ይላል። እሱ ሲወርድ ናይትራይት ከፍ ይላል። ቡናማ አተላ የመሰለ ነገር አሸዋውን ሲሸፍነው አትደንግጡ፣ የተለመደ ነው፣ ያልፋል። ፊልተሩን ግን በቧንቧ ውሃ እንዳታጥቡት፣ ክሎሪኑ ስንት ሳምንት የጠበቃችሁትን ባክቴሪያ ይጨርሰዋል።

ማለቁን የምታውቁት እንዲህ ነው፦ ንጹሕ አሞኒያ በሊትር 2 ሚሊግራም እስኪሆን ትጨምራላችሁ፣ በማግስቱ ስትለኩ አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ ከሆኑ ገንዳው ደርሷል። ዜሮ ካልሆነ ገና ነው፣ አቦ፣ ታገሱ! ከዚያ ናይትሬቱን ለማውረድ ግማሹን ውሃ ቀይሩ።

በዚህ መሃል ሙቀቱን ተለማመዱት። የሚፈለገው 25፣ 26 ዲግሪ ነው፣ የግንቦትና የሰኔ ድሬ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክሲጅን ይቀንሳል። ትንሽ ፋን በውሃው ፊት ላይ ስታነፍሱ ሁለት ሦስት ዲግሪ ይወርዳል፣ በደረቅ አየር እንዲያውም ይበልጣል። ውሃው በፍጥነት ይተናል ግን፣ ጨው አይተንም። ስለዚህ በየቀኑ የምትሞሉት ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው፣ ጨው የለውም። የገንዳውን መብራት ማታ አብሩ፣ ቀን ሙቀት አትጨምሩበት። ሐረር ያላችሁ ነገሩ ግልባጭ ነው፣ እናንተ ማሞቂያ ያስፈልጋችኋል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፓምፑ ይቆማል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከዓሣው በፊት ይገዛ። እሱ ከሌለ በጆግ ውሃውን እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱ፣ አየር ይገባዋል። መብራት እስኪመጣ ምግብ የለም።

ለመጀመሪያ ዓሣ ክላውንፊሽ (ብርቱካናማና ነጭ ሸንተረር ያለው ትንሽ ዓሣ) ውሰዱ፣ ቢቻል በእርባታ የተወለደ። ጠንካራ ነው፣ ምግብም አይመርጥም። ታንግ የሚባለውን ሰማያዊ ዓሣ ልጆች ይለምኗችኋል፣ ግን 120 ሊትር ለእሱ እስር ቤት ነው። ዓሣው ሲመጣ ፕላስቲኩን ሳትከፍቱ 20 ደቂቃ ውሃው ላይ አንሳፍፉት። ብዙ ሰዓት ተጉዞ ከመጣ ከተከፈተ በኋላ አታቆዩት። በተዘጋው ፕላስቲክ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀምና የውሃውን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፣ ሲወርድ ውሃው አሲድነቱ ይጨምራል) ያወርደዋል፣ አሞኒያውም ያን ጊዜ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ስትከፍቱት ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤቹ ከፍ ይላል፣ አሞኒያውም ወዲያው መርዝ ይሆናል። ስለዚህ የፕላስቲኩን ውሃ ጨው ለኩ፣ ከገንዳው ጋር ተቀራራቢ ከሆነ ዓሣውን በመረብ አውጥታችሁ አስገቡ፣ ውሃውን ድፉት። የዚያን ቀን መብራቱ ይጥፋ። ምግብ በማግስቱ፣ ትንሽ።

አሞኒያውን የመጀመሪያውን ሳምንት በየቀኑ ለኩ። ሁለተኛውን ዓሣ ሁለት ሦስት ሳምንት ሳይሞላው እንዳታስገቡ።