ሆሊሆክ ከዘር ማብቀል፦ ዴንቨርና አውሮራ ጓሮ ላላችሁ

ሰመር ላይ ዴንቨር የድሮ ሰፈሮች ውስጥ ከቤቶቹ ጀርባ ባሉት ጠባብ መንገዶች ያለፈ ሰው ሆሊሆክን ሳያየው አይቀርም፣ ያ ከሰው ቁመት በላይ የሚሄደው፣ ግንዱን ይዞ ከታች ወደ ላይ በየተራ የሚፈነዳው ሮዝ፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ አንዳንዱም ጥቁር ሊመስል የደረሰ ቀይ አበባ ነው። አብዛኛውን ማንም አልተከለውም፣ ራሱ ባረገፈው ዘር ነው የሚበቅለው። ስለዚህ ችግኝ በውድ መግዛት አያስፈልግም፣ አንድ ፓኬት ዘር ለአንድ አጥር በቂ ነው። ዘመዶቹንም ታውቋቸዋላችሁ፣ ባሚያ፣ ከርከዴ፣ ጥጥ፣ አገር ቤት ያለው ልትም ሳይቀር የአንድ ቤተሰብ ናቸው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፣ ሆሊሆክ ባብዛኛው የሁለት ዓመት ተክል ነው። በመጀመሪያው ዓመት መሬት ላይ ተነጥፎ ቅጠል ብቻ ያወጣል፣ አበባ የለም፣ ግንድ የለም፣ እና ብዙ ሰው «ይሄ ነገር አልሆነም» ብሎ ወይም አረም መስሎት ይነቅለዋል። እባካችሁ አትንቀሉት! ያን ጊዜ ሥሩን ወደ ታች እየሰደደ ነው፣ በሁለተኛው ዓመት ሰኔ አካባቢ (የፈረንጁን ጁን ማለቴ ነው) ግንዱ ወጥቶ ሁለት ሜትርና ከዛም በላይ ይደርሳል። አበባውን ከጨረሰ በኋላ ብዙው ይሞታል፣ አንዳንዱ ደግሞ ለሦስተኛ ዓመት ይመለሳል። በየዓመቱ አበባ እንዲኖራችሁ ከፈለጋችሁ ዘንድሮም ዝሩ በሚቀጥለውም ዓመት ዝሩ፣ ከዛ በኋላ ራሱ እያረገፈ ይተካካል። በዛው ዓመት ካልሆነ የምትሉ ሰመር ካርኒቫል የሚባለውን ዘር ፈልጉ፣ ቤት ውስጥ ቀደም ብሎ ከተጀመረ በመጀመሪያው ዓመት ሊያብብ ይችላል።

ቦታው በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን፣ ፌንስ ወይም ግድግዳ አጠገብ ቢሆን ጥሩ ነው ምክንያቱም እዚህ ያለው ንፋስ ረጅሙን ግንድ ይጥለዋል፣ ግን ከግድግዳው ጋር አታጣብቁት፣ አየር ማለፍ አለበት። አፈራችን ብዙ ቦታ ዋልካ ነው፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል ሲረጥብ ይጨቀያል፣ ስለዚህ 30 ሴንቲሜትር ያህል ቆፍራችሁ ኮምፖስት ቀላቅሉበት። ማዳበሪያ አታብዙ፣ ቅጠሉ ብቻ ይፋፋል።

መቼ ይዘራ? ሁለት ጊዜ አለ። አንዱ ስፕሪንግ ላይ የእናቶች ቀን (ሜይ ሁለተኛው እሑድ) አካባቢ ውርጩ ሊያበቃ ሲል ነው። ሁለተኛው፣ እኔ የምመርጠው፣ ከጁላይ መጨረሻ እስከ ኦገስት አጋማሽ ነው፣ ያኔ የተዘራው ዊንተር (የፈረንጁ ብርድ ወቅት) ሳይገባ ሥር ይይዝና በሚቀጥለው ሰመር ያብባል፣ ስለዚህ የምትጠብቁት አንድ ዓመት እንኳን አይሞላም።

ዘሩን ማታ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት። ጠዋት በየ50 እና 60 ሴንቲሜትሩ ሁለት ወይም ሦስት ፍሬ አድርጉ፣ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል አፈር አልብሱና በእጃችሁ ጫን ጫን አድርጉት። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ውሃ ነው፣ የዴንቨር አየር ደረቅ ስለሆነ የላይኛው አፈር በግማሽ ቀን ውስጥ ይደርቃል፣ እስኪበቅል ድረስ ጠዋትና ማታ በቀስታ አርከፍክፉለት። ባብዛኛው ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ ብቅ ይላል። እውነተኛ ቅጠሎቹ (መጀመሪያ ብቅ ካሉት ሁለት ቅጠሎች በኋላ የሚመጡት) ሁለት ሦስት ሲሆኑ ጠንካራውን አስቀሩ፣ የቀሩትን በመቀስ ቁረጧቸው እንጂ አትንቀሉ፣ ስትነቅሉ የጎረቤቱ ሥር ይነካል።

ቤት ውስጥ በፖት ለምትጀምሩ ፖቱ ጥልቅ ይሁን። ዋናው ሥሩ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ነው የሚወርደው፣ ፖቱ ውስጥ ከተጠማዘዘ ወይም ሲዛወር ከተሰበረ በኋላ አያምርበትም። ለዚህ ነው እዛው በሚያድግበት ቦታ መዝራት የሚሻለው።

አሁን ወደ ትልቁ ችግር፣ ዋግ። አዎ፣ ስንዴን እንደሚመታው ዓይነት ዋግ ሆሊሆክም የራሱ አለው፣ ፈንገስ ነው፣ ከላይ ቢጫ ነጠብጣብ፣ ቅጠሉን ስትገለብጡት ደግሞ ብርቱካናማ ወደ ቡኒ የሚሄድ ፍንጥቅጣቂ ታያላችሁ። ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። እርጥብ ቅጠል ይወዳል፣ ስለዚህ በስፕሪንክለር አታጠጡ፣ ሆዙን ሥሩ ላይ አድርጋችሁ በሳምንት አንዴ ጠለቅ አድርጋችሁ አጠጡት፣ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል። የታመመ ቅጠል እንዳያችሁ ቁረጡና ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት፣ ኮምፖስት ውስጥ በፍጹም። እና ደግሞ ጓሮ ውስጥ የሚበቅለውን ልት የሚመስል አረም ንቀሉ፣ ያንኑ ዋግ ተሸክሞ የሚያቆይ እሱ ነው፣ ብዙ ሰው ይሄን ስለማያውቅ ሆሊሆኩን ብቻ ሲያክም ይከርማል። ፎል ላይ የደረቀውን ግንድና ቅጠል በሙሉ አንሱ። ከዚህ ሁሉ መገላገል የሚፈልግ ቅጠሉ የበለስ ቅጠል የሚመስለውን ዓይነት ወይም ሩጎሳ የሚባለውን ቢጫ አበባ ያለውን ሆሊሆክ ይዝራ፣ ዋጉን የተሻለ ይቋቋማሉ።

የጃፓን ጢንዚዛ ከመጣ ጠዋት ገና ሳይሞቅ፣ ሳይነቃቃ፣ ሳሙና ያለው ውሃ ውስጥ አራግፉት። ግንዱ ወገብ ሲደርስ እንጨት ተክላችሁ በሲባጎ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። በረዶ (ጠጠሩ፣ ሄይል የሚሉት) ቅጠሉን ቢበሳሳው አትደንግጡ፣ አዲስ ያወጣል። ዊንተር ላይ ስኖው ሳይጥል ብዙ ሳምንት ከቆየና ቀኑ ሞቅ ካለ በወር አንዴ አጠጡት፣ በብርድ ሳይሆን በጥማት የሚሞተው ብዙ ነው።

ዘር ለመሰብሰብ ፍሬው ቡኒ ሆኖ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ስትከፍቱት ጠፍጣፋ ዘሮቹ ዙሪያውን እንደ ሳንቲም ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ። ንብ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለምታዳቅል ከነጩ የሰበሰባችሁት ሮዝ ሊሆን ይችላል፣ አንድ ቀለም ብቻ የምትፈልጉ ሌላውን አጠገቡ አትትከሉ። ትንንሽ ነቀዝ ዘሩ ውስጥ ካያችሁ የተበሳውን ለይታችሁ ጣሉ፣ የቀረውን በደንብ አድርቃችሁ ጥቂት ቀን ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት፣ ከዛ ወረቀት ፖስታ ውስጥ ከታችሁ ቀለሙንና ዓመቱን ጻፉበት፣ ላስቲክ ውስጥ አታስቀምጡ ይሻግታል።