የአኳሪየም ጠጠር፦ ከመረጣ እስከ ማንጠፍ

ጠጠር ሲመረጥ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ቀለሙ ላይ ነው። ውሃውን የሚለውጠው ግን ድንጋዩ የተሠራበት ማዕድን ነው፤ ዓሣውን የሚጠቅመው ወይም የሚጎዳው ደግሞ የጠጠሩ መጠንና ጠርዝ። ስለዚህ ከማጠብ በፊት መመርመር ይቀድማል።

ለአብዛኛው የቤት አኳሪየም ከ2 እስከ 5 ሚሊሜትር የሚሆን፣ ጠርዙ የለሰለሰ ጠጠር ይስማማል። ከዚያ የተለቀ ከሆነ የምግብ ፍርፋሪና የዓሣ ኩስ በየክፍተቱ እየገባ ከሥር ይበሰብስና አሞኒያ የተባለ ለዓሣ መርዝ የሆነ ነገር ይፈጥራል። በጣም የደቀቀ ከሆነ ደግሞ ተጠቅጥቆ ውሃ አላሳልፍ ይላል፤ ኦክስጅን ባልደረሰበት ስፍራ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይጠራቀማል። አንድ እፍኝ ጨብጠው በሁለት መዳፍዎ ያሹት፤ እጅ የሚጭር ከሆነ እንደ ኮሪዶራስ ያሉ፣ በጢማቸው ወለል እየዳሰሱ ምግብ የሚፈልጉ ዓሦችን ጢም ያቆስላል። ለጎልድፊሽ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ጠጠሩን እየጎረሰ መልሶ ስለሚተፋ፣ በአፉ ልክ የሆነ ፍሬ ጉሮሮው ላይ ሊሰነቀር ይችላል። ለእርሱ ወይ ጉሮሮው ላይ የማይሰነቀር ደቃቅ ወይ ሊጎርሰው የማይችለው ትልቅ ይሁን።

መጠኑን ለማወቅ የገንዳውን ርዝመት፣ ስፋትና የሚፈለገውን የጠጠር ጥልቀት በሴንቲሜትር አባዝተው ለ1000 ያካፍሉ፤ የሚያገኙት በሊትር ነው። አንድ ሊትር ጠጠር ወደ 1.5 ኪሎ ይመዝናል። ለምሳሌ 60 በ30 ሴንቲሜትር ለሆነ ገንዳ 5 ሴንቲሜትር ጥልቀት ከተፈለገ 9 ሊትር፣ ማለትም 13.5 ኪሎ ገደማ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ምርመራ። ከጠጠሩ መልካቸው የተለያየ ጥቂት ፍሬዎች ይልቀሙ፣ በጨርቅ ጠቅልለው በመዶሻ ይሰባብሩና በስባሪው ላይ አቼቶ ያንጠባጥቡ። አረፋ ከደፈቀ ካልሲየም ካርቦኔት አለበት፤ የኖራ ድንጋይ፣ ዕብነ በረድና ዛጎል ሁሉ እንዲህ ናቸው። እንዲህ ያለ ጠጠር ቀስ በቀስ እየሟሟ የውሃውን ፒኤች (ከፍ ሲል አሲድነት መቀነሱን የሚያሳይ ልኬት) እና ጥንካሬ (በውሃው የሟሟ ማዕድን መጠን) ከፍ ያደርጋል። ሲክሊድ ለሚባሉት የማላዊና የታንጋኒካ ሐይቅ ዓሦች ይህ መልካም ነው፤ እንደ ኒዮን ቴትራ ላሉ ለስላሳ ውሃ ለሚወዱ ግን አይሆንም።

አቼቶ ደካማ አሲድ ስለሆነ አረፋ አለመታየቱ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ሁለት ብርጭቆ ከአንድ ቧንቧ ይቅዱ፤ በአንደኛው እስከ ግማሹ ጠጠር ይጨምሩ፣ ሌላውን ባዶ ውሃ ይተዉት። ከሳምንት በኋላ የሁለቱንም ፒኤችና ጥንካሬ ይለኩ። ጠጠር ያለበት ከፍ ብሎ ከተገኘ ምክንያቱ ጠጠሩ ነው። ሁለተኛው ብርጭቆ የግድ ያስፈልጋል፤ የቧንቧ ውሃ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲተን ፒኤቹ በራሱ ጊዜ ይለወጣልና። የዛገ ወይም ማግኔት የሚስበው ፍሬ ካለ ለቅመው ይጣሉ። ቀለም የተቀባ ጠጠርን ደግሞ ነጭ ዕቃ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ዘፍዝፈው ቀለሙ እንደማይለቅ ያረጋግጡ።

ለማጠብ ባልዲውን እስከ ሲሶው ብቻ ይሙሉ። ብዙ ከሞሉ እጅ ከታች አይደርስም፤ ጭቃው ያለው ደግሞ ከታች ነው። የውሃ ጎማውን እስከ ባልዲው ወለል አስገብተው ይክፈቱ፣ በሌላው እጅ ጠጠሩን ከሥር ወደ ላይ እየገለበጡ እርስ በርሱ ያሹት፣ ድፍርሱንም ያፍስሱ። የሚፈሰው ውሃ በነጭ ኩባያ ሲቀዳ ጥርት እስኪል ይደጋግሙ። ድፍርሱ የዕቃ ማጠቢያ ውስጥ አይፈስም፤ ደለሉ ቱቦውን ይዘጋል። ሳሙና ፈጽሞ አይነካው፤ ቅሪቱ የዓሣን ስንጥብ ይጎዳል።

ከወንዝ የተለቀመ ጠጠር ከታጠበ በኋላ 15 ደቂቃ ይቀቀል። ምድጃ ውስጥ በደረቁ ማጋል ግን አደገኛ ነው፤ የታፈነው እርጥበት እንፋሎት ሆኖ ድንጋዩን ሊያፈነዳው ይችላል። ዓሣ ታሞበት ከነበረ ገንዳ የወጣን ጠጠር ሽታ ባልተጨመረበት በረኪና፣ አንድ እጅ በረኪና በ20 እጅ ውሃ በጥብጠው ለ20 ደቂቃ ይዘፍዝፉት። ከዚያ ደጋግመው ያለቅልቁት፣ ክሎሪን ማጥፊያ ባለው ውሃ ይንከሩት፣ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋም ፀሐይ ላይ ያድርቁት። በረኪናና አቼቶ በአንድ ዕቃ አይገናኙ፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ከባድ ጌጠኛ ድንጋይ ካለ ከጠጠሩ በፊት ወለሉ ላይ ይቀመጥ። ጠጠር ላይ ከተቀመጠ ዓሣ ከሥሩ ሲቆፍር ይንሸራተትና መስታወት ይሰብራል። ጠጠሩን በኩባያ እየቀዱ ዝቅ አድርገው ያፍስሱ፤ ከፊት 3፣ ከኋላ 6 ሴንቲሜትር አድርገው ተዳፋት ያስይዙት፤ ተክል ካለ የኋላው ጥልቀት ሥር መያዣ ይሆናል። ውሃ ሲሞሉ ጠጠሩ ላይ ሰሃን አስቀምጠው ሰሃኑ ላይ ያፍስሱ።

በመጀመሪያው ቀን የሚታየው ድፍርስ አቧራ ነው፤ ማጣሪያው ይይዘዋል። ጥርት ካለ ከቀናት በኋላ ውሃው ወተት ከመሰለ ግን የባክቴሪያ መራባት ነው፤ ጠጠሩን አውጥቶ ማጠብ መፍትሔ አይሆንም፣ በራሱ ይጠራል። ዓሣ ከገባ በኋላ ጠጠሩን በሳይፎን (ቆሻሻውን ከውሃው ጋር ስቦ በሚያወጣ ቱቦ) ያጽዱ፤ በየሳምንቱ ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነውን ብቻ፣ ቦታ እየቀያየሩ። ማውጣት ግድ ከሆነም ከዚያው ገንዳ በተቀዳ ውሃ ያለቅልቁት፤ የቧንቧው ክሎሪን አሞኒያን የሚያስወግዱትን ባክቴሪያዎች ይገድላል።