በአሜሪካ ሐኪም ቤት ጥቁር ሴቶችን ዋጋ የሚያስከፍሉ፣ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በ2023 በአሜሪካ በሕይወት ከተወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 50.3 ጥቁር እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሞተዋል። የነጮቹ ቁጥር 14.5 ነው። የአገሪቱ የበሽታ ቁጥጥር ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ያወጣው አኃዝ ነው። የእናቶችን ሞት የሚመረምሩ የክፍለ ግዛት ኮሚቴዎች ከ2017 እስከ 2019 የደረሱትን ሞቶች አንድ በአንድ አይተው ከ5ቱ ከአራቱ በላይ ሊቀሩ ይችሉ እንደነበር ደምድመዋል። ከታች ካሉት ስህተቶች ገሚሱ የታካሚዋና የቤተሰቧ፣ ገሚሱ የሐኪሙ ነው። የሐኪሙን ጥፋት ማረም የታካሚዋ ሥራ መሆን አልነበረበትም፤ እስኪታረም ድረስ ግን አውቆ መግባት ይሻላል።

"እኔ ተምሬያለሁ፣ ጥሩ ኢንሹራንስም አለኝ" ብሎ መዘናጋት

ገንዘብና ትምህርት ልዩነቱን አያጠፉትም። የሲዲሲ መረጃ እንደሚያሳየው ዲግሪ ያላቸው ጥቁር እናቶች ሁለተኛ ደረጃን ካላጠናቀቁ ነጭ እናቶች እንኳ በላይ ይሞታሉ። የቴኒስ ተጫዋቿ ሴሬና ዊሊያምስ በ2017 ከወለደች በኋላ ትንፋሽ ሲያጥራት፣ ቀድሞ የደም መርጋት ስለነበረባት የሲቲ ስካንና ሄፓሪን የተባለ የደም ማቅጠኛ ሕክምና እንዲሰጣት ራሷ ጠየቀች። ነርሷ ግን የሕመም ማስታገሻው ያምታታት መሰላት። መጀመሪያ የተነሳው የእግር አልትራሳውንድ ነበር፤ ምንም አላሳየም። ሲቲው ሲነሳ ሳንባዋ ውስጥ የረጉ ደሞች ተገኙ። ያለፈ ሕመምን ማወቅና ምርመራውን በስሙ ጠርቶ መጠየቅ ምን ያህል እንደሚለይ ከዚህ ይታያል።

ሐኪሙ "እንዴት ነሽ?" ሲል "ደህና ነኝ" ብሎ መመለስ

ለእኛ ይህ ሰላምታ ነው፤ ለሐኪሙ ግን መዝገብ ላይ የሚሰፍር መልስ ነው። በዚያ ላይ ሕመምን ዋጥ ማድረግ እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። በ2016 የወጣ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ከተጠየቁት ነጭ የሕክምና ተማሪዎችና ተለማማጅ ሐኪሞች ግማሽ ያህሉ "የጥቁር ቆዳ ወፍራም ነው" እንደሚለው ያለ ቢያንስ አንድ የተሳሳተ እምነት እንዳላቸው አሳይቷል። ቻይ ታካሚና ሕመሟን አሳንሶ የሚያይ ሐኪም ሲገናኙ ማስታገሻውም ምርመራውም ይቀራል።

ስለዚህ በልክ ይናገሩ፦ መቼ እንደጀመረ፣ ከ10 ስንት እንደሆነ፣ ምን ማድረግ እንደከለከለዎት። "በጣም ያመኛል" ከሚለው ይልቅ "ከትናንት ማታ 3 ሰዓት ጀምሮ ነው፣ ከ10 ስምንት ነው፣ ቀና ብዬ መራመድ አልቻልኩም" የሚለው ይመዘገባል። ቀጥለው ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ይህ ምን ሊሆን ይችላል? ከነዚህ ውስጥ አደገኛው የቱ ነው? እሱ አለመሆኑን በምን አረጋገጣችሁ? ምርመራው ከተከለከለ "መጠየቄንና ያልታዘዘበትን ምክንያት መዝገቤ ላይ ይጻፉልኝ" ይበሉ። ይህች ዓረፍተ ነገር ውሳኔ ልታስቀይር ትችላለች። ካልሆነም የተረኛዋን ኃላፊ ነርስ፣ ቀጥሎም ዋናውን ሐኪም ያስጠሩ።

የአራስን ራስ ምታት "ምች ነው" ብሎ መተው

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ከወሊድ በኋላ የደም ግፊት ከፍ የሚለው በብዛት ከ3ኛው እስከ 6ኛው ቀን ባለው ጊዜ ሲሆን፣ በምጥ የወለደች እናት ግን አብዛኛውን ጊዜ በ2ኛው ቀን ከሆስፒታል ትወጣለች። ማለትም አደጋው የሚመጣው ቤቷ ተኝታ፣ ጠያቂ ሲገባና ሲወጣ ነው። ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው ከእርግዝና ጋር የተያያዘ የግፊት በሽታ እስከ 6 ሳምንት ድረስ ሊነሳ ይችላል፤ በእርግዝናዋ ግፊት ያልነበረባትንም ይይዛል። የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ብልጭታ፣ ከቀኝ የጎድን አጥንት ሥር የሚሰማ ሕመም፣ የፊትና የእጅ እብጠት ከታየ ዳማከሴ ከመፈለግ በፊት ግፊት ይለካ።

አለካኩም ሥርዓት አለው። የእጇ ውፍረት ልክ የሆነ መለኪያ ያስፈልጋል፤ ጠባብ መለኪያ ግፊቱን ከፍ አድርጎ፣ ሰፊው ዝቅ አድርጎ ያሳያል። 5 ደቂቃ ዝም ብላ ትቀመጥ፣ ጀርባዋ ይደገፍ፣ እግሯ ሳይጣመር መሬት ይንካ፣ ክንዷ በልቧ ትክክል ይሁን። 140 በ90 ከሆነ ወይም ካለፈ፣ ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱ ብቻ ቢደርስም፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይደወላል። 160 በ110 ከሆነ ወይም ከዚያ ካለፈ፣ እዚህም አንዱ ቁጥር ብቻ ይበቃል፣ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ እዚያም ከፍታው እንዳልወረደ ከተረጋገጠ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ውስጥ መድኃኒት መጀመር አለበት። በር ላይ የምትናገረው የመጀመሪያ ቃል "ከወለድኩ 6 ቀኔ ነው" ይሁን፤ ሕፃኑን ሳትይዝ ስለምትገባ ማንም ላይጠይቃት ይችላል።

በአንድ ሰዓት አንድ ሞዴስ የሚሞላ ደም፣ የእንቁላል ያህል ወይም የሚበልጥ የረጋ ደም፣ የአንድ እግር ማበጥ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ 38 ዲግሪ የደረሰ ትኩሳትም አይታደሩም። ጭንቀትና ክፉ ሐሳብ ከመጣ በ1-833-852-6262 ቀንና ሌሊት በነፃ መደወል ይቻላል።

ቀጠሮን በተመለከተም "የ6 ሳምንቷ ትበቃለች" የሚለው አሮጌ ልማድ ነው። ከባድ ግፊት የነበረባት በ72 ሰዓት፣ ሌላዋ ግፊት ያለባት ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ትታያለች። ማንኛዋም እናት በ3 ሳምንት ውስጥ ከሐኪሟ ጋር መገናኘት፣ እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜም ሙሉ ምርመራ ማድረግ አለባት። ሜዲኬይድ፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ከወሊድ በኋላ 12 ወር ይቆያል፤ በ60 ቀን ያልቃል ብለው ሕክምና የሚያቋርጡ አሁንም አሉ።

ነፍሰ ጡር ከሆኑ ደግሞ በመጀመሪያው ቀጠሮ ስለ አስፒሪን ይጠይቁ። ለፕሪኤክላምፕሲያ ለተጋለጡ ሴቶች በቀን 81 ሚሊግራም ከ12ኛው ሳምንት ጀምሮ፣ በተለይ ከ16ኛው በፊት፣ እንዲጀመር ይመከራል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይጀመርም፤ ሳይጠይቁ የሚያልፍባቸው ግን ብዙ ናቸው።

ልጅን ወይም ባልን አስተርጓሚ ማድረግ

የ12 ዓመት ልጅ ስለ እናቱ የማኅፀን ደም አይተረጉምም፣ ቢተረጉምም ያሳጥረዋል። በባል ፊት የማይነገርም አለ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ የሠለጠነ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ከአስቸኳይ ሁኔታ ውጪ በልጅ ማስተርጎምንም ሕጉ ይከለክላል። ቀጠሮ ሲይዙ "አማርኛ አስተርጓሚ፣ ሴት ብትሆን" ብለው ያስመዝግቡ። በስልክም ሆነ በቪዲዮ ይገኛል።

ጣት ላይ የሚሰካውን ኦክስጅን መለኪያ ብቻ ማመን

መሣሪያው በብርሃን ስለሚሠራ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ኦክስጅኑን ካለው ከፍ አድርጎ ሊያነብ ይችላል። በ2020 የታተመ ጥናት የተደበቀ የኦክስጅን እጥረት ጥቁር ታካሚዎች ላይ ወደ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን እንደሚያመልጥ አሳይቷል። ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ትንፋሽ ካጠረ ከአርተሪ (ደምን ከልብ ከሚወስደው የደም ሥር) በሚቀዳ ደም የሚደረግ የኦክስጅን ምርመራ ይጠይቁ።

ለማዮማ ማኅፀን ማውጣትን ብቸኛ መፍትሔ አድርጎ መቀበል

እስከ 50 ዓመት ድረስ ከ10 ጥቁር ሴቶች ስምንቱ ማዮማ፣ ማለትም ካንሰር ያልሆነ የማኅፀን እጢ፣ ይኖራቸዋል። ማዮማውን ብቻ ማውጣት፣ የደም ሥሩን መዝጋት፣ በሙቀት ማክሰም፣ መድኃኒት፣ ሁሉም አማራጮች ናቸው። "ማኅፀኔን ሳላጣ ምን ይቻላል?" ብለው ይጠይቁ፤ መልሱ "ምንም" ከሆነ ሌላ ሐኪም ያማክሩ። የሄሞግሎቢንና የብረት መጠንዎም ይለካ፣ በየወሩ የሚፈሰው ደም ብዙ ሴት ሳታውቀው ደሟን ያሟጥጣል።

ካረጡ በኋላ ለታየ ደም አልትራሳውንድ ይበቃል ማለት

የማኅፀን የውስጥ ሽፋን ስስ ከሆነ ካንሰር የለም ተብሎ ይታለፋል። በ2024 በጥቁር ሴቶች ላይ የወጣ ጥናት ግን የማኅፀን ካንሰር ከተገኘባቸው ከ10 ከአንዷ በላይ ሽፋናቸው ከ5 ሚሊሜትር በታች እንደነበር አሳይቷል። ማዮማ ካለ ምስሉም ይበላሻል። ጠብታ ደም ብትሆንም ባዮፕሲ፣ ማለትም ከማኅፀን ትንሽ ናሙና ተወስዶ የሚደረግ ምርመራ፣ ይጠየቅ።

የጡት ምርመራን ማዘግየት

ጥቁር ሴቶችን የጡት ካንሰር ከነጮቹ በመጠኑ አሳንሶ ይይዛቸዋል፤ የሚሞቱበት መጠን ግን ወደ 40 በመቶ ይበልጣል። ማሞግራም በ40 ዓመት ይጀመራል። የቤተሰብ ታሪክ ያለባት ከዚያ ቀደም ብላ ስጋቷን ማስገመገም አለባት።

ሳይጽፉ ማጉረምረም

"አልሰሙኝም" ብቻውን የትም አያደርስም። ቀን፣ ሰዓት፣ የሠራተኛው ስም፣ የተጠየቀውና የተመለሰው በዚያው ቀን ይጻፍ። የሕክምና መዝገብዎን የማግኘት መብት አለዎት፤ ከጠየቁ ሆስፒታሉ 30 ቀን አለው። አቤቱታ መጀመሪያ ለሆስፒታሉ የታካሚ ጉዳይ ክፍል ይገባል። በዘር ወይም በቋንቋ የተፈጸመ መድልዎ ከሆነ የፌዴራል ጤና ሚኒስቴር የሲቪል መብቶች ቢሮ ይቀበላል፤ ድርጊቱ በተፈጸመ በ180 ቀን ውስጥ መድረስ አለበት።