የመስኖ ቦይና ፓምፕ ልታድሱ ነው? ከሲሚንቶው በፊት መለኪያው

ቦይ ይታደስ ሲባል መጀመሪያ የሚነሳው ኮንክሪት ነው። ይገባኛል፣ ሰው የሚታይ ሥራ ይፈልጋል። ግን ውሃው የት እንደሚጠፋ ሳታውቁ ገንዘባችሁን ካፈሰሳችሁ፣ ቦዩ አምሮበት እያለ ጭራው ላይ ያለው ገበሬ ዛሬም ተራውን ሲጠብቅ ያድራል። ስለዚህ መጀመሪያ ለኩ።

ስርገትን፣ ማለትም ከቦዩ ወደ መሬት ሰርጎ የሚጠፋውን ውሃ፣ ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። መስኖ በማይጠጣበት ወቅት የቦዩን አንድ ክፍል ከላይና ከታች ጥርቅም አድርጋችሁ ዝጉ፣ ውሃ ሙሉት፣ ባለ ሳንቲ ሜትር ዘንግ ትከሉበት፣ ከዚያ በ24 ሰዓት ስንት እንደወረደ አንብቡ። ትነት ብዙውን ጊዜ በቀን ከ1 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። 4 ሜትር ስፋትና 500 ሜትር ርዝመት ባለው ክፍል ውሃው 10 ሳንቲ ሜትር ከወረደ ግን 200 ሜትር ኩብ ሄዷል ማለት ነው፤ አብዛኛውን የጠጣው መሬቱ ነው። በየክፍሉ እንዲህ ስትለኩ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ሙሉው ቦይ እንደማያፈስ ነው፤ አሸዋማ አፈር ላይ ያለው ቁራጭ ነው ጉድ የሚሠራችሁ። መጀመሪያ እሱን ለብጡ። ኮንክሪት ሲሰነጠቅ ማፍሰሱ ስለማይቀር አቅም ካለ ከሥሩ ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ የፕላስቲክ ንጣፍ) አንጥፉ።

ቀጥሎ ጌቶች፣ ማለትም የውሃ መክፈቻና መዝጊያ በሮች። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በብዙ ቦይ ላይ ሰው የሚያጣላው የውሃ ማነስ ብቻ ሳይሆን የከፍታው መዋዠቅ ነው። ጠዋት የተስተካከለ ጌት ከሰዓት ሌላ መጠን ይሰጣል። ውሃ በሥሩ የሚያልፍበት ጌት ላይ፣ ከበላዩ ያለው የውሃ ከፍታ በ10 በመቶ ቢጨምር ፍሰቱ የሚጨምረው በ5 በመቶ ገደማ ነው። ውሃው በአናቱ ሞልቶ በሚፈስበት ግንብ ላይ ግን እዚያው 10 በመቶ ፍሰቱን በ15 በመቶ ገደማ ያሳድገዋል። ስለዚህ ዋናው ቦይ ላይ በአናቱ የሚያፈስ፣ አናቱ ረጅም የሆነ ግንብ ሥሩ፤ ትርፍ ውሃ ሲመጣ በላዩ ያልፋል፣ ከፍታው ብዙም ንቅንቅ አይልም። ቦታ ከጠበበ ግንቡን በዚግዛግ መሥራት ይቻላል። ወደ መለስተኛ ቦይ በሚወጣበት በኩል ደግሞ በሥሩ የሚያሳልፈውን ጌት ግጠሙ። እነዚህን ሁለቱን አታገላብጡ፣ አደራ።

ለፓምፕ አንዲት ስሌት ትበቃችኋለች። ፍሰቱን በሊትር በሰከንድ ውሰዱ፣ የቧንቧውን ሰበቃ ጨምሮ በጠቅላላ ከፍታው በሜትር አባዙት፣ ለ102 አካፍሉት። 100 ሊትር በሰከንድ 20 ሜትር ለማንሳት 19.6 ኪሎዋት ይወጣል። ሞተሩ 40 ኪሎዋት እየሳበ ከሆነ ከግማሽ በላይ የሆነው ኤሌክትሪክ ውሃ ሳያነሳ ባክኗል። አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ፓምፑን ፍቱና እዩት፦ ኢምፔለሩ (ውስጡ እየተሽከረከረ ውሃውን የሚገፋው ክፍል) ተበልቷል? መምጠጫው አየር ያስገባል? ወንፊቱ በሣር ተደፍኗል? ውስጡ ጠጠር እየተፈጨ ያለ የሚመስል ድምፅ ከሰማችሁ ካቪቴሽን ነው፣ ማለትም ግፊት ሲያንስ በውሃው ውስጥ የሚፈጠሩ የእንፋሎት አረፋዎች እየፈረጡ ነው፤ መንስኤው በአብዛኛው በመምጠጫው በኩል ነው።

የሞተሩን ፍጥነት የሚቀይር መቆጣጠሪያ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ለሁሉም ፓምፕ አይደለም። የሰበቃ ጫና በሚበዛበት መስመር ላይ ፍጥነቱን በ20 በመቶ ስትቀንሱ ኃይሉ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ውሃን ወደ ላይ ማንሳት ብቻ በሆነበት ጣቢያ ግን ያን ያህል አያተርፍም፤ እዚያ መጠናቸው የተለያየ ሁለት ሦስት ፓምፖች ይሻላሉ። ረጅም ቧንቧ ካላችሁ መብራት ድንገት ሲጠፋ የሚመጣውን የውሃ ምት (በቧንቧው ውስጥ ድንገት የሚፈጠር የግፊት መናወጥ) በባለሙያ አስሰሉ፤ ቧንቧ ያፈነዳል።

ጌቶችንና ፓምፖችን ከርቀት የሚቆጣጠር መሣሪያ የመጨረሻ ይሁን። ከእሱ በፊት ቦዩ መሃል ላይ ትርፉን ውሃ የሚይዝ ኩሬ ቢኖራችሁ ይበልጥ ይጠቅማችኋል። እና በየመለኪያው አጠገብ ከፍታውን ወደ ሊትር በሰከንድ የሚቀይር ሰንጠረዥ በቀለም ጻፉ፣ ውሃ አከፋፋዩም ገበሬውም ቆመው እንዲያነቡት።