ሞግዚት ስትቀር ልጁን ማን ይይዛል? ተጠባባቂ እንዴት እንደሚዘጋጅ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስልክ ይጮኻል። ሞግዚቷ ናት፤ ሌሊቱን ሲያማት አድሯል። 2 ሰዓት ላይ ሥራ ቦታ መገኘት አለብዎት፤ ልጅዎ ገና ከእንቅልፉ አልነቃም። ለማን ልደውል ብለው ማሰብ የሚጀምሩት በዚህ ሰዓት ከሆነ ዘግይተዋል።

እኔ እንዲህ ባለ ጠዋት ስልኬ ውስጥ ስድስት ስም ነበረኝ። ሁሉም «ከቸገረሽ ደውይልኝ» ያሉኝ ሰዎች ናቸው። አንዷ ስልኳን ዘግታለች፣ ሌላዋ መንገድ ላይ ነች፤ ሦስተኛዋ እየሮጠች መጣችልኝ፤ ነገር ግን ልጄ አይታት ስለማታውቅ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አልላቀቅ አለች። ሥራ ሳልገባ ዋልኩ። ደግ ሰው ማወቅና ተጠባባቂ ማዘጋጀት ለየቅል መሆናቸው ያን ቀን ገባኝ።

1. መጀመሪያ ችግሩ ከየት እንደሚመጣ ይለዩ። ያለፉትን ሦስት ወራት መለስ ብለው ያስቡና ከሥራ የቀሩባቸውን ቀናት ከነምክንያታቸው ይጻፉ። ሞግዚቷ ቀርታ ነው? የሕፃናት ማቆያው ተዘግቶ ነው? ወይስ ልጁ ታሞ? የመጨረሻው ከሁሉም ይለያል። ትንንሽ ልጆች በዓመት ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ ጉንፋን ቢይዛቸው የተለመደ ነው፤ ብዙ ማቆያዎች ደግሞ ሙቀቱ 38 ዲግሪ የደረሰን ልጅ አይቀበሉም፤ ያለ መድኃኒት 24 ሰዓት ከትኩሳት ነፃ ሆኖ እንዲቆይም ይጠይቃሉ። ጨቅላ ልጅ ያላት ጎረቤት ወይም አቅመ ደካማ አያት ዘንድ የታመመ ልጅ መውሰድ ደግሞ በሽታውን ማጋባት ነው። ስለዚህ የሕመም ቀን ተጠባባቂዎች አብዛኛውን ጊዜ ወላጆቹ ራሳቸው ናቸው። እሑድ ማታ የሁለታችሁንም የሳምንት ሥራ ጎን ለጎን አስቀምጡና የትኛው ቀን የማን ተራ እንደሆነ ተስማሙ። «እናት አንቺ ነሽ፣ አንቺ ቅሪ» የሚለው አሠራር ቤትም ሥራም ያበላሻል። ሕፃኑ ከሦስት ወር በታች ሆኖ 38 ዲግሪ ከደረሰ ግን ጉዳዩ የሞግዚት ሳይሆን የሐኪም ነው፤ ሳይውል ሳያድር ይውሰዱት።

2. ሦስት ሰው ይምረጡ። አንዱ በእግር መጥቶ ለአንድ ለሁለት ሰዓት የሚደርስልዎ፣ ሁለተኛው ሙሉ ቀን መዋል የሚችል፣ ሦስተኛው በክፍያ የሚሠራ ቢሆን ይመረጣል። አንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ሁለት እህትማማቾች እንደ አንድ ሰው ይቆጠራሉ፤ አንዷ ካልተመቻት ሌላዋም አይመቻትም። በክፍያ የሚሠራውን ሰው መታወቂያ ይመልከቱ፤ ቀደም ሲል የሠራባቸውን ቤተሰቦችም ያነጋግሩ። «እንደገና ትቀጥሩት ነበር?» ብለው ይጠይቁና ከመልሱ በፊት ያለችውን ዝምታ ያዳምጡ።

3. ይለማመዱት። ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ነው፤ እኔ ግን ከሌላው ሁሉ አስበልጠዋለሁ። ልጆች ከ8 ወር ገደማ ጀምሮ ከወላጅ መለየትንም እንግዳ ፊትንም ይፈራሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ሦስታችሁ አብራችሁ ተጫወቱ፤ በሌላ ቀን እርስዎ ሌላ ክፍል ይቀመጡ፤ ሦስተኛውን ጊዜ ለሁለት ሰዓት ከቤት ይውጡ። ሲወጡ ተደብቀው አይጥፉ፤ ይሰናበቱት። ያለቅሳል፤ ግን እንደሚመለሱ ያውቃል። የሚከፈለው ሰው ከሆነ ለልምምዱም ይክፈሉ። ከዚያ በየወሩ አንድ ጊዜ ይገናኙ፤ ትንሽ ልጅ ፊት ቶሎ ይረሳል።

4. አንድ ገጽ ጽፈው በር ላይ ይለጥፉ። የሁለታችሁ ስልክ፣ የሐኪሙ ስልክ፣ ለልጁ የማይስማማው ምግብና መድኃኒት፣ የቅርብ ጊዜ ክብደቱ። የትኩሳት መድኃኒት በክብደት ስለሚለካ ክብደቱ አይዘለል፤ ቢሆንም ሳይደወል ምንም መድኃኒት እንዳይሰጥ ከታች ይጻፉ። ዓመት ያልሞላው ሕፃን በጀርባው ይተኛ፤ ማርም አይቅመስ። ቀሪው የቤትዎ ምስጢር ነው። የእኛ ገጽ ላይ «ቁልፉ የሚዞረው በሩ ትንሽ ወደ ላይ ሲነሳ ነው» የሚል መስመር አለ፤ አንዲት ተጠባባቂ ልጄን አዝላ ደጅ ግማሽ ሰዓት ከቆመች በኋላ የተጨመረ ነው።

ልጁን ከትምህርት ቤት የሚወስድ ሰው ካለ ስሙን አስቀድመው በጽሑፍ ያስመዝግቡ። የበሩ ጥበቃ ለማያውቀው ሰው ልጅ አልሰጥም ቢል ልክ ነው።

5. አለቃዎን ሰላም በሆነ ቀን ያነጋግሩ። ድንገት ቢቸግርዎ ከቤት መሥራት፣ አርፍዶ መግባት ወይም ከዓመት ፈቃድ ግማሽ ቀን መውሰድ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ፤ የተስማማችሁበትን በኢሜይል ያስቀሩ።

6. ውለታውን አያሳድሩት። ያለ ክፍያ የሚረዳዎት ሰው ሦስት ጊዜ ከመጣና እርስዎ አንዴም ካልደረሱለት አራተኛውን ጥሪ ላያነሳ ይችላል። የእኔ ጎረቤት ገንዘብ አትቀበልም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ልጆቿን እኔ እይዛለሁ፤ እሷ ትተኛለች።